የጅግጅጋ ምሽግና የበርበራ መንገድ

ከሐረር ተነስቶ ባቢሌን ያለፈ መንገደኛ የዳካታን የተደራረቡ ቋጥኞች እያየ ይቆይና፣ ካራማራ ላይ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ይዘረጋለታል። ከኋላው ተራራ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሜዳ። ጅግጅጋ የተኛችው እዚያ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ከዚህ አይታይም። ይሁንና በምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ቶጎ ውጫሌንና ሐርጌሳን አቋርጦ በርበራ ወደብ ሲደርስ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አዲስ አበባ የዚያን እጥፍ ያህል ትርቃለች። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሹሞቿ ከተራራው ጀርባ፣ ሲሳይዋ ከባሕሩ በኩል ሲመጣ ኖሯል።

ታሪኳን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። ለአንዱ ጅግጅጋ ማለት ካራማራ ናት፤ ታንክና ድል። ለሌላው የስደተኛ ድንኳንና ከድንበር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ናት። ለወጣቱ ደግሞ በሐምሌ 2010 የሰማው ክፉ ወሬ። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው መንገዱ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱን ለመቆጣጠር የተተከለውን ምሽግ መንገዱ ራሱ ወደ ገበያ፣ ገበያውም ሁለት ቋንቋ ወደሚነገርባት ከተማ ለወጠው።

ከምሽጉ በፊት፦ እስከ 1879 ዓ.ም.

ከተማ ከመኖሩ በፊት ጉድጓድ ነበረ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጡት ግመሎች የሚያርፉበት፣ ውሃ የሚገኝበት ቦታ ነበርና ጅግጅጋ የሚለው ስም በ1842 እ.ኤ.አ. በአንድ እንግሊዛዊ የባሕር መኮንን ጽሑፍ ውስጥ ከቅፍለት ማረፊያዎች እንደ አንዱ ተጠቅሷል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በአረብ ነጋዴ ስም ተሸሽጎ ከዘይላ ወደ ሐረር ሲሄድ ይህን የሣር ምድር አቋርጧል። ሲመለስ የመረጠው የበርበራን መንገድ ነው።

በርበራ ያኔ የወቅት ከተማ ነበረች። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነፋሱ ለጀልባ ሲመች የአረብና የህንድ ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ ከመሐል አገር ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቅቤ፣ ቆዳ፣ በግና ባሪያ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ደግሞ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ገበያተኛው ይበተንና ባሕሩ ዳር ባዶ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ያለ ሰው ዋስትና የሚያልፍ አልነበረም። ነጋዴው የአንድን ጎሣ መሬት ሲረግጥ ከዚያው ጎሣ «አባን» ይይዛል። አባኑ መንገድ መሪ ብቻ አይደለም፤ የእንግዳው ንብረት ቢዘረፍ የአባኑ ክብር ነው የተዘረፈው፤ ደም ቢፈስም ጠያቂው እሱ ነው። ይከራከራል፣ ያስተረጉማል፣ ዋጋ ይቆርጣል። ኋላ በጅግጅጋ ገበያ አማርኛና ሶማሊኛ አጣምሮ የሚናገር ደላላ ሳይ ትዝ የሚለኝ አባን ነው።

የዚያ ዘመን ታላቅ ሰው የበርቲሬ ጎሣ መሪ ገራድ ዊልዋል ነበሩ። ስማቸው ዛሬ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ መጠሪያ ነው፤ በሕዝቡ አፍ ግን የሚኖሩት በእንቆቅልሻቸው ነው። አንድ ቀን ሕዝባቸውን ሰብስበው «ከበግ ብልቶች ሰውን የሚያፋቅረውን ወይም የሚያጣላውን አምጡልኝ» አሉ ይባላል። ባለጠጎቹ ላትና ታፋ ይዘው መጡ። የአንድ ድሃ ልጅ ግን አባቷን ጉሮሮውን አስያዘችው። ሆዳም ከሆነ የሚያጣላው፣ ካካፈለ የሚያፋቅረው እሱ ነውና። ገራዱ የፈለጉት መልስ ይህ ነበር።

የእሾህ አጥር፦ 1879–1892 ዓ.ም.

በታኅሣሥ 1879 የንጉሥ ምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አደረገና ሐረር በሸዋ እጅ ገባች። ደጃዝማች፣ ኋላም ራስ መኮንን ተሾሙባት። ሐረርን የያዘ ደግሞ የሐረርን ሲሳይ የሚያመጣውን መንገድ ሳይይዝ እንቅልፍ አይወስደውም። የግብፅ ጦር ከጥቂት ዓመታት በፊት ወጥቷል፤ እንግሊዝ በርበራንና ዘይላን ይዛለች። ከተራራው ግርጌ፣ ጉድጓዶቹ አጠገብ፣ ሁለቱ የባሕር መንገዶች የሚታዩበት አንድ ቦታ አለ። የመኮንን ሰዎች አጥር ያጠሩት እዚያ ነው።

እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በየካቲት 1885 ሲያልፍ ያየው በእንጨት የታጠረ ትንሽ ምሽግ ነበር፤ ጠባቂዎቹ 25 ሰዎች። ጅግጅጋ የጀመረችው በእነዚህ ነው። በአማርኛችን «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የጦር መስፈሪያ ማለት እንደነበረ፣ «ሰፈር»ም «ሰፈረ» ከሚለው እንደመጣ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጅግጅጋ ቃሉ በጥንቱ ትርጉሙ ከተማ ነበረች። ግንብ የላትም፤ ግንድና እሾህ እንጂ።

ሃያ አምስት ሰው ቢሆንም ይበላል። ከኋላው የሚመጣው ዘማችም ይበላል። ደመወዝ በሌለበት ዘመን ሠራዊት የሚቀለበው ከሰፈረበት አገር ስለሆነ፣ ከምሽጉ እየተነሱ የሶማሌውን ግመልና በግ መንዳት የተለመደ ሆነ። ለሹሙ ግብር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ ዝርፊያ። የዚያ ዘመን መንገደኞች ከሶማሌ ሽማግሌዎች ደጋግመው የሰሙት እሮሮ ይኸው ነበር። ይህን ሳይናገሩ ቀጥሎ የመጣውን መረዳት አይቻልም።

በ1889 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የወሰኑን ነገር ደግሞ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በደብዳቤ ጨረሰ። መስመሩ ሐውድ የሚባለውን የግጦሽ ምድር ለሁለት ከፈለው። ዝናብ ተከትለው ከበርበራ ጀርባ እስከ ጅግጅጋ ደቡብ የሚዘልቁት ጎሣዎች ግመላቸውን ወዲያና ወዲህ ለማሻገር መብት ይኖራቸዋል ተባለ። ከእነሱ መካከል ግን የተጠየቀ አልነበረም። ለሚቀጥሉት ሰማንያ ዓመታት የፈሰሰው ደም መነሻው ከዚህ ወረቀት ነው ማለት ማጋነን አይመስለኝም።

መጋቢት 1892 ገደማ ነገሩ ፈነዳ። ግራዝማች በንቲ የሚመሩት ጦር ሶማሌዎቹን ሊቀጣ ወጥቶ ብዙ ግመል ነድቶ ጅግጅጋ ገባ። በርበራ ላይ በእንግሊዝና በሚሲዮኖች ላይ ሲያስተምሩ የቆዩት ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ደርቪሽ የሚባሉትን ተከታዮቻቸውን አሰባስበው ዘመቱ። ፈረሰኛው ጦርና ጋሻውን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ወደ አጥሩ ጋለበ፤ ከአጥሩ ውስጥ ጠመንጃው ተቀበለው። ደርቪሾቹ ብዙ ሰው አጡ፤ ምሽጉም አልተሰበረም። ሆኖም የተነዳውን ከብት አስመለሱ ተብሎ ስማቸው በኦጋዴን ምድር ገነነ። ሰይዱ ለሃያ ዓመት ከእንግሊዝ፣ ከጣሊያንና ከኢትዮጵያ ጋር ሲዋጉ ኖረው በመጨረሻ ኢሚ አጠገብ፣ በኢትዮጵያ ምድር አረፉ።

ቀጥ ያሉ መንገዶች፦ 1895–1927 ዓ.ም.

በ1895 የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ገባ። የዘይላ መንገድ በዚያው ሞተ ማለት ይቻላል፤ ለዘመናት ግመል የጫነውን ባቡሩ በአንድ ፉርጎ ያመጣው ጀመር። ጅግጅጋን ያተረፋት ፊቷን ወደ በርበራ ማዞሯ ነው። ለዓደን ጦር ሰፈር ሥጋ የምታቀብል በርበራ የሐውድን በግና ፍየል ትፈልጋለች፤ በግ ደግሞ በእግሩ ይሄዳል እንጂ ባቡር አይጠብቅም።

ልጅ ኢያሱ የ1908ን ክረምት በሐረርና በጅግጅጋ ነበሩ። ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር ወዳጅነት ለማጽናት ያደረጉት ጥረት ለመኳንንቱ የክስ ማስረጃ ሆነና በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ወረዱ። በዚህ ግርግር መሐል ወደ ጅግጅጋ ገዥ ሆነው የመጡት ሰው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ልጅነታቸውን በሩሲያ ያሳለፉ፣ መድፈኝነት የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር «ፋቡላ»ን የጻፉ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው። ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደሚናገሩት ያገኙት ዝብርቅርቅ ያለ የጦር ሰፈር ነው። ገመድ ዘርግተው፣ ችካል አስተክለው፣ ጎዳናዎቹ በቀጥታ የሚቆራረጡባት ከተማ አሰመሩ።

የአገራችን የድሮ ከተሞች ከገዥው ግቢ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ነው ያደጉት። ጅግጅጋ ላይ ሜዳው ስለሚመች፣ ሹሙም ሌላ አገር ስላዩ፣ መንገዱ ቀጥ አለ። ቀጥ ያለ ጎዳና ደግሞ ለሱቅ ይመቻል፤ በሩን ከፍቶ የተቀመጠን ነጋዴ ሁሉም ያየዋል። የየመን አረቦች ሱቅ ከፈቱ፤ ከበርበራ ጨርቅና ስኳር፣ ከደጋው እህልና ጫት መጣ። የጦር ሰፈሩ አማርኛ ከግቢው ወጥቶ ገበያ ገባ። የወታደሩ ሚስት ወተት የምትገዛው ከሶማሌዋ ነው፤ ልጇ ከሶማሌዋ ልጅ ጋር አፈር ፈጭቶ ያድጋል። ሁለት ቋንቋ የሚባለው በአዋጅ ሳይሆን በወተት ነው የተጀመረው።

በ1920ዎቹ የጭነት መኪና መጣና ከሐረር በጅግጅጋ በኩል ሐርጌሳና በርበራ መድረስ የቀናት ነገር ሆነ። በዚሁ ዘመን ወሰኑን በድንጋይ ምልክት ለማድረግ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ሐውድን እየለካ ወረደ። ኅዳር 1927 ወልወል ጉድጓድ ሲደርስ ጣሊያኖች ሰፍረውበት አገኘ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ ሙሶሊኒ የሚፈልገውን ምክንያት አገኘ። የጅግጅጋን ጎዳና ያሰመሩት ተክለ ሐዋርያት የዚያን ጊዜ ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው በመንግሥታት ማኅበር ፊት የሚሟገቱት ሰው ሆኑ።

ጣሊያን አምስት ዓመት፣ እንግሊዝ ሰባት ዓመት፦ 1928–1941 ዓ.ም.

መጋቢት 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ጅግጅጋን ደበደቡ። የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ኦጋዴንን አቋርጦ በሚያዝያ መጨረሻ ገባባት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሊያይ ገብቶ ምንጣፍ የተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና ቆሰለ። እሱ ካህናቱ ሆን ብለው ያዘጋጁት ወጥመድ ነው ብሎ አመነ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ በመነኮሳት ላይ ያወረደውን ስናስብ፣ ለቤተ ክርስቲያን የነበረው ጥላቻ አንዱ ሥር ጅግጅጋ ላይ እንደተተከለ የሚናገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ጣሊያን ጅግጅጋን የሐረር ጠቅላይ ግዛቱ አካል አድርጎ ከሞቃዲሾ የሚመጣውን የጦር መንገድ አሳለፈባት። ሐምሌ 1932 ከዚህ አካባቢ የተነሳው ጦር የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወርሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ በርበራን ያዘ። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ከሞቃዲሾ የተነሳ የናይጄሪያ ብርጌድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሁለት ሳምንት ተኩል ገስግሶ መጋቢት 8 ቀን 1933 ጅግጅጋ ደረሰ። ጣሊያኖቹ ወደ ካራማራ ወጥተው በሩን ዘጉ። በሦስተኛው አራተኛው ቀን ብርጌዱ ኮረብታውን እየወጣ ቢዋጋም ያን ዕለት አልያዘውም፤ ሌሊት ግን ጣሊያኖቹ ራሳቸው ለቀው ሄዱ። በዚያው ሳምንት በርበራም ከባሕር በመጣ ጦር ተይዛ ስለነበር ለሐረርና ለአዲስ አበባ ዘመቻ ስንቁና ነዳጁ በዚያ በጥንቱ የቅፍለት መንገድ፣ በጅግጅጋ በኩል ወጣ።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ቢገቡም ጅግጅጋ አልተመለሰችላቸውም። እንግሊዝ በ1934ና በ1937 ውሎች ኦጋዴንንና «የተጠበቀ ክልል» ያለችውን ምድር በወታደራዊ አስተዳደሯ ስር አቆየች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቤቪን በ1938 ሶማሌዎችን ሁሉ በአንድ አስተዳደር ስር ማድረግ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ የጅግጅጋ ሶማሌ ልብ ተነሳ። የሶማሌ ወጣቶች ሊግ ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ ወጣቶቹ ትምህርት ቤትና ስብሰባ አደረጁ፤ ባንዲራ ሰቀሉ። የከተማው አማራና የጎዳናው ሶማሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነገው ሁለት የተለያየ ተስፋ ይዘው በአንድ ገበያ ዋሉ።

በቤቪን ሐሳብ ኃያላኑ አልተስማሙም። በመስከረም 1941 ጅግጅጋ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ባንዲራው ይውረድ አይውረድ በሚል በተነሳ ግጭት ቦምብ ተጣለ፤ ፖሊስ ሕዝቡ ላይ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በሶማሌው ትዝታ ውስጥ ይህ ቀን ካራማራ በሌላው ትዝታ ያለውን ያህል ቦታ አለው፤ በአማርኛ መጻሕፍት ግን ብዙም አናገኘውም። ቢጻፍ ደግ ነበር።

ሐውድ፦ 1947–1969 ዓ.ም.

በእንግሊዝ እጅ የቆየው ቀሪው ሐውድ በየካቲት 1947 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሐርጌሳና በርበራ በተቃውሞ ታመሱ፤ ልዑካን ለንደንና ኒውዮርክ ድረስ ሄዱ፤ አልሆነም። በ1952 ሶማሊያ ነፃ ወጣች፤ በባንዲራዋ ላይ ካሉት የኮከቡ አምስት ጫፎች አንዱ ኦጋዴንን የሚወክል ነበር። በ1956 አጋማሽ ድንበር ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ሁለቱ ጦሮች ተታኮሱ።

ይህች የድንበር ከተማ ስሟ ራሱ ይናገራል። ሶማሌው «ቶግ» የሚለው ክረምት ወርዶ በጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው፤ «ወጃሌ» የወንዙ ስም። አማርኛው ጆሮ ላይ ሲደርስ የወሎዋ ውጫሌ ሆነ። ወደ ሰሜን ያለችው አውበሬ በሸኹ መቃብር ስትጠራ፣ አማርኛው ተፈሪ በር ብሏታል። ሰው ሁለቱንም ስም ያውቃል፤ እንደሚያነጋግረው ሰው ይመርጣል።

በሐውድ ደግሞ ሌላ ነገር እየተለወጠ ነበር። የወንዝና የምንጭ ውሃ በሌለበት በዚያ ሣር ምድር ነጋዴዎች መሬት ቆፍረው በድንጋይና በሲሚንቶ ለስነው ዝናብ የሚያጠራቅሙበት «ብርካ» መሥራት ያዙ። ብርካ ባለበት በጋም መቀመጥ ይቻላል። ሐርሺንና የመሳሰሉት የሐውድ መንደሮች የረጉት በብርካ ነው።

ካራማራ፦ 1969–1970 ዓ.ም.

አብዮቱ ሠራዊቱን ባናጋበት፣ ኤርትራ በምትነድበት ሰዓት፣ ሐምሌ 1969፣ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ተሻገረ። ኦጋዴን በሳምንታት ውስጥ ተጥለቀለቀ። ጅግጅጋ በነሐሴ የመጣባትን የመጀመሪያ ጥቃት መለሰች፤ ብዙ የሶማሊያ ታንክ ሜዳው ላይ ተቃጠለ። ሁለተኛው ከባድ ነበር። ስንቅ ያጠረው፣ አዛዦቹን ማመን ያቃተው የጦር ክፍል አመፀ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአካል ሄደው አረጋጋሁ ብለው ተመለሱ፤ ከሄዱ በኋላ ጦሩ እንደገና ተናደ። አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጅግጅጋ ወደቀች፤ ተከትሎም ካራማራ።

ካራማራ ሲወድቅ ሐረር ተጋለጠች። የአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ልጁን አዝሎ በባቢሌ በኩል ሸሸ፤ የቀረው ቀረ። ነገር ግን የሶማሊያ ጦር ተራራው ላይ ሲደርስ ከስንቁ ርቆ፣ በዝናብ ተይዞ፣ ከላይ የኢትዮጵያ ኤፍ 5 አውሮፕላኖች እየደበደቡት ነበር። ሐረር ጸናች። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ደረሰ። ሶቪየት ኅብረት ዚያድ ባሬን ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ ከኅዳር ጀምሮ መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ከኩባ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደር መጣ።

ተራራውን ፊት ለፊት መግፋት የሚያስከፍለውን ያወቁት አዛዦች ሌላ አቅጣጫ መረጡ። አንዱ ኃይል በካራማራ በኩል ጠላትን ይዞ ሲያቆይ ሌላው በሰሜን ዞሮ ተራራውን አቋርጦ ከጅግጅጋ ጀርባ ወጣ፤ ግዙፍ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን አንጠልጥለው ሜዳው ላይ አወረዱ። የሶማሊያ ጦር ምሽጉ ፊቱን ወደ ሐረር አዙሮ ሳለ ጥቃቱ ከበርበራ በኩል መጣበት። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅግጅጋ ነፃ ወጣች። ዕለቱ የካራማራ ድል ተብሎ ይከበራል፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት የኩባውያኑንም መሥዋዕትነት ያስታውሳል።

ድሉ ድል ነው፤ ለዚያ የወደቁት ክብር ይገባቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ መጋቢት የጅግጅጋና የኦጋዴን ሶማሌ በመቶ ሺዎች ሆኖ ወደ ሶማሊያ ስደተኛ ጣቢያዎች ተሰደደ። ብዙዎቹ በጦርነቱ ምንም እጅ ያልነበራቸው አርብቶ አደሮች ነበሩ። በመስከረም በአንድ በኩል፣ በመጋቢት በሌላው በኩል፤ ከተማዋ በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ባዶ ሆነች።

ሐርታሼክ፦ 1980–1996 ዓ.ም.

በ1980 መጋቢት መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ታረቁ። ዚያድ ባሬን ከኢትዮጵያ ምድር ሆነው ይወጉ የነበሩት የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጣቂዎች መጠለያቸውን ሊያጡ መሆኑን ሲያውቁ በግንቦት ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቁ። ዚያድ ባሬ ሐርጌሳን በአየርና በመድፍ አፈረሳት። ሕዝቡ በእግሩ ወጣ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የጅግጅጋ ሰው ወደ ምሥራቅ በሸሸበት መንገድ የሐርጌሳ ሰው ወደ ምዕራብ መጣ።

ያረፈው ሐርታሼክ ነው። ጥቂት ጎጆ የነበረበት የሐውድ ሜዳ ሩብ ሚሊዮን ሰው ይዞ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ተባለ። ውሃ የለውም። በቦቴ መኪና ከጄረር ሸለቆ እየተቀዳ በአቧራ መንገድ ይመጣል፤ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን በስማቸው ምልክት እያሰሩ ገና ሳይነጋ ይደረድራሉ፤ ቦቴው ከሩቅ አቧራ ሲያስነሳ ሰልፉ ይነቃል። እንዲህ እየኖረም የሐርጌሳ ሰው ንግዱን አልረሳም። ጥቂት ቆይቶ በድንኳኖቹ መካከል ጨርቅ፣ ጫማ፣ ሬዲዮ፣ ቴፕ ተደረደረ። ዕቃው በበርበራ ይገባል፣ በሐርታሼክ ይወጣል፤ ከድሬዳዋ፣ ከናዝሬት፣ ከአዲስ አበባ ገዥ ይመጣል። በ1980ዎቹ ለሠርጉ ልብስ ከጅግጅጋ ያስመጣ የከተማ ሰው ስንት ነው!

ራሷን ከሶማሊያ የለየችው ሶማሌላንድ ስትረጋ ስደተኛው ተመለሰ፤ ጣቢያው በ1996 ተዘጋ። ቀብሪ በያህና አውበሬ ግን ከደቡብ ሶማሊያ የመጡትን እስከ ቅርብ ጊዜ ሲያስተናግዱ ኖረዋል።

ዋና ከተማ፦ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ

የሶማሌ ክልል መቀመጫ መጀመሪያ ጎዴ ነበር፤ ወደ ጅግጅጋ የዞረው በ1980ዎቹ ማብቂያ ነው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነ። የሱቅ ሰሌዳዎቹ ተለወጡ፦ ከላይ ላቲን፣ ከሥር ግዕዝ። የአማርኛው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ «ሆቴል»፣ «ፋርማሲ»፣ «የሐበሻ ምግብ» ብሎ ያበቃል። የ1999ኙ ቆጠራ ከ125 ሺህ በላይ ነዋሪ አገኘ፤ ከግማሽ በላዩ ሶማሌ፣ ቀጥሎ አማራ፣ ኦሮሞና ጉራጌ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ሰይድ መሐመድም በፈረስ ላይ ሆነው በሐውልት ቆሙ፤ በ1892 ሊሰብሩት የጋለቡበት ምሽግ ባደገባት ከተማ።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 የክልሉ አስተዳደርና የፌደራሉ መንግሥት ተፋጠው ሲከርሙ ነገሩ ጎዳና ላይ ወጣ። ሶማሌ ያልሆኑት ነዋሪዎች ቤትና ሱቅ ተዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትን ጨምሮ ሰዎች ተገደሉ። ብዙዎች በሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ቤት ተደብቀው ተርፈዋል። የክልሉ ፕሬዚዳንት በቀናት ውስጥ ወረዱ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ተሠሩ። አንዳንዱ ቤተሰብ ለሦስተኛ ትውልድ የኖረበትን ቤት ሸጦ ሄደ፤ አንዳንዱ ተመልሶ ሱቁን ከፈተ።

የበርበራ ወደብ ከ2009 ወዲህ በአንድ የዱባይ ኩባንያ እጅ እየሰፋ መጥቷል፤ አዲሱ የኮንቴይነር መድረክም በ2013 ሥራ ጀምሯል። ከአወዳይ የተጫነ ጫት ግን ወደብ አይጠብቅም። ቀትር ላይ ካራማራን በፍጥነት ወርዶ ጅግጅጋ ይደርሳል፤ መናኸሪያው አጠገብ እስሩ ይፈታል፣ ይከፈላል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ እንደገና ይጫናል። ሒሳቡ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይቆጠርና በሶማሊኛ ይዘጋል። ረዳቱ «ወርያ!» ብሎ ሾፌሩን ይጠራል፤ ሾፌሩ «ያዝ እንጂ!» ይለዋል። መኪናው ፊቱን ወደ ውጫሌ ያዞራል፤ ሐርጌሳ ከመምሸቱ በፊት ይጠብቀዋል።